ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፤ ለሥራ ያዘጋጀኛል ወይ?

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን ትንሽ ነው፤ ተማሪው በሙሉ ተደምሮ ሁለት ሺህ አይሞላም። ጓደኞቼ የገቡበት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሥራ አውደ ርዕይ ያዘጋጃል፤ ቀጣሪዎች ግቢው ድረስ ይመጡላቸዋል። እኛ ጋ ያለው አንድ ቢሮና ሁለት ሠራተኛ ነው። መምህሮቻችን ጥሩ ናቸው። በስም ያውቁናል፣ ይረዱናል። ግን ይሄ ሁሉ ድጋፍ ስመረቅ ሥራ ላይ ምን ይጠቅመኛል? ወይስ ደስ የሚል ነገር ብቻ ነው?»

መልስ፦ የመጨረሻዋ መስመርሽ ላይ ቆም አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም። አብዛኛው ወይ ትንሽነቱን ሲያማርር ይመረቃል፣ ወይ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ብሎ ይረካል። አንቺ ጥቅሙ የቱ ጋ እንዳለ አሳዩኝ ነው ያልሽው። ደግ አደረግሽ።

ከየት ሆኜ እንደምናገር ላስቀድም። በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማማከሪያ ቢሮ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ ያልሽው ዓይነት ቢሮ ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ፕሪንተር። እሱም ግማሽ ቀን ይሠራል። ከዚያ በፊት ከጠረጴዛው ማዶ ነበርኩ፤ የሥራ አመልካቾችን ፋይል ሳገላብጥ የምውል የሰው ኃይል ባለሙያ። ስለዚህ ነገሩን በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ።

አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ያዘጋጅሻል። የሚያዘጋጅሽ ግን በዋናነት ቢሮው አይደለም። የትንሽ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ሀብት ሥራሽን በቅርብ ያየና ያየውን መናገር የሚችል ሰው ነው። ይህ ሀብት ደግሞ ራሱ መጥቶ ኪስሽ ውስጥ አይገባም። ካላወጣሽው እዚያው ግቢ ይቀራል፤ አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በሁለት ደብዳቤ ላሳይሽ።

ቀጣሪ በነበርኩበት ጊዜ ለአንድ የላብራቶሪ ረዳት ቦታ የመጡ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። የመጀመሪያው ስሙ ከታወቀ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። «ተማሪዋ ትጉህ፣ ሥነ ሥርዓት ያላት፣ በቡድን መሥራት የምትችልና ከክፍሏ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ ነች» ይላል። ማኅተሙ ያምራል። ነገር ግን የልጅቷን ስም አውጥተሽ የሌላ ሰው ብታስገቢበት ደብዳቤው ምንም አይጎድልበትም። መምህሩ 300 ተማሪ ያስተምራል። ከየት አምጥቶ ሌላ ይጻፍ? አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ስሙን ሰምቼው ከማላውቅ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። መምህሯ የጻፉት ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር፦ «በሁለተኛው ወር ሚዛኑ በጥቂቱ እንደሚስት ያወቀችው እሷ ናት። እኔ አላየሁትም ነበር። የሦስት ሳምንት ልኬቷን በሙሉ ጣለችና እንደገና ጀመረች። ሪፖርቷ ስለዘገየ ነጥብ ቀንሼባታለሁ፤ አልተከራከረችኝም። ከሰው ጋር ለመግባባት ጊዜ ትፈልጋለች፤ ያልገባትን ነገርም ቶሎ አትጠይቅም። አንድ ወር ብትታገሷት አትቆጩም።»

ማንን እንደጠራን መገመት አያቅትሽም። የገረመኝ ጉድለቷ መጻፉ ነው። ቶሎ አትጠይቅም የሚለውን ሳነብ ስለ ሚዛኑ የተባለውንም አመንኩ። እኚህ ሰው ልጅቷን ያውቋታል አልኩ። ለኮሚቴው ያሳየሁትም ያንኑ መስመር ነው።

ልብ በይ፣ ደብዳቤው በምርቃት ሰሞን ተጠይቆ ይጻፍ እንጂ ቁም ነገሩ የተገኘው ሚዛኑ የሳተ ሰሞን ነው። መምህሯ አጠገቧ ስለነበሩ አዩ። 15 ተማሪ ባለበት ላብራቶሪ ይህ የተለመደ ነው። መቶ ምናምን ተማሪ ባለበት፣ ክፍሉን የሚመራው ራሱ ገና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሆነበት ቦታ ግን በዕድል ካልሆነ አይገኝም።

«ይሄ ያንተ ገጠመኝ ነው» ብትዪኝ ልክ ነሽ። ሰፋ ያለ ነገር ልጨምርልሽ። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ30,000 በላይ የአሜሪካ ምሩቃንን ጠይቆ ነበር። ስንት ታገኛላችሁ ከማለት ይልቅ ሥራችሁ ላይ ልባችሁ አለ ወይ፣ ኑሯችሁስ እንዴት ነው ብሎ ነው የጠየቀው። ትምህርቱን እንድወደው ያደረገ መምህር ነበረኝ፣ እንደ ሰው የሚያስብልኝ መምህር ነበረኝ፣ ሕልሜን እንድከተል የሚገፋፋኝ አማካሪ ነበረኝ የሚሉ ምሩቃን ሥራቸው ላይ ልባቸው የመኖሩ ዕድል ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ይሁን የግል ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ሦስቱንም አግኝቻለሁ ያለው ግን 14 በመቶ ብቻ ነው።

በእርግጥ ይህ ጥናት የቱ የቱን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ዛሬ ሥራው የተመቸው ሰው የድሮ መምህሩንም በደግ ያስታውስ ይሆናል። እኔ ቁጥሩን የማነሳው ለሌላ ነገር ነው። አንቺ «በስም ያውቁናል» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አብዛኛው ተመራቂ ያላገኘው ነገር ነው። እንደ ዋዛ አትዪው።

«የዩኒቨርሲቲውስ ስም?» የሚለው ጥያቄ አፍሽ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። በአሜሪካ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ1976 ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎችን ተከታትለው በ2002 አንድ ጥናት አወጡ። ውጤታቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ ያመለከቱባቸውና የተቀበሏቸው ዩኒቨርሲቲዎችም የሚመሳሰሉ ተማሪዎችን ነው ያነጻጸሩት። ስመ ጥሩ ጋ የሄደውና ስሙ ብዙም ያልገነነው ጋ የሄደው ኋላ ላይ ገቢያቸው ተቀራራቢ ነበር። አንድ ነገር ግን አለ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡት ልጆች ስመ ጥሩው ጠቅሟቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የጠቀማቸው እዚያ የሚያገኙት ሰው ነው፤ በቤተሰብ በኩል የሌላቸውን ትውውቅ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የሚደክምበት ቦታ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሥራ ልምድ። ተማሪን እየሠራ ማስተማር አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1906 አሜሪካ ውስጥ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር 27 ተማሪዎች ይዞ ጀመረ። ጥንድ ጥንድ አድርጎ መደባቸው፤ አንዱ ክፍል ሲሆን ሌላው ፋብሪካ ነው። በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። ዛሬ «ኮኦፕ» የሚባለው አሠራር ከዚያ የመጣ ነው። ትንንሾቹ ተቋማት ሐሳቡን ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ተማሪው 1,500 ገደማ ነው፤ ሁሉም በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራሉ፤ ሥራቸውም እንደ ትምህርቱ ይገመገማል። ኦሊን የሚባለው የምህንድስና ኮሌጅ ደግሞ የተማሪው ቁጥር በመቶዎች ነው። በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ የአንድ እውነተኛ ድርጅት እውነተኛ ችግር ላይ ይሠራሉ።

ያንቺ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ የተደራጀ ፕሮግራም ላይኖረው ይችላል። የሆነው ሆኖ አንድ ነገር አይጠፋውም፤ የሰው እጥረት። ሳቂ፣ ግን እየቀለድኩ አይደለም። ትንሽ ተቋም ሁሌም ሰው ያንሰዋል። ስለዚህ ትልቅ ግቢ ውስጥ ለቋሚ ሠራተኛ የሚሰጠው ሥራ እናንተ ጋ ለተማሪ ይሰጣል። ፎቶ ኮፒ ማድረግና ወንበር መደርደር ማለቴ አይደለም። የተማሪ መዝገብ ማጥራት፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ ግዢ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ የኮምፒውተር ክፍሉን መጠገን፣ አዲስ ተማሪ መቀበል፤ እነዚህ እውነተኛ ሥራዎች ናቸው። ችግሩ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሥራ መሆኑን አያውቁትም።

አንድ ልጅ ነበር። አራተኛ ዓመት፣ ዝምተኛ። ለኢንተርቪው ልለማመድ ብሎ መጣ። «እስቲ ስለሠራኸው ነገር ንገረኝ» አልኩት።

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተወሰነ ነገር ተሠርቷል። መዝገቡ ተስተካክሏል። የጠፉ መጻሕፍት ተለይተዋል። ሪፖርት ቀርቧል።»

«ማን ሠራው?»

ዝም አለ። «ያው… እኛ። ከኃላፊዋ ጋር።»

«ኃላፊዋ ምን ሠሩ?»

«ፈቀዱልኝ።»

«ሌላውንስ?»

«ሌላውን እኔ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እየጎተትኩ አወጣሁት። መዝገቡ ላይ «ጠፍተዋል» የተባሉ 260 መጻሕፍት ነበሩ። ልጁ በሦስት ሳምንት መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ዞረ። 190ዎቹ አልጠፉም፤ የተሳሳተ ቦታ ነው ያሉት። ለምን ተሳሳቱ ብሎ ሲያይ ሁለት ክፍሎች የሚጀምሩበት ቁጥር ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። የአንደኛውን መለያ ቀለም ቀየረ። ኃላፊዋ ምትክ ሊገዙ ካሰቧቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ሳይገዙ ቀሩ። ይህን ሁሉ «መዝገቡ ተስተካክሏል» በሚሉ ሁለት ቃላት ቀብሮት ነበር!

«ተሠርቷል» ማለት ለእኛ ጨዋነት ይመስለናል። «እኔ፣ እኔ» ማለት ያሳፍራል። ጠያቂው ግን «ተሠርቷል» ሲሰማ ሌላ ሰው ሠርቶታል ብሎ ነው የሚረዳው። ልጁን አራት ጊዜ አገኘሁት፤ በየጊዜው 40 ደቂቃ። በመሃሉ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄጄ ኃላፊዋን ጠየቅኩ፤ እሳቸውም የማያውቀውን ነገሩኝ። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ እስካሁን በእሱ ዘዴ ነው የሚመዘግቡት። እሱ አልሰማም ነበር።

ይህን ያነሳሁት ዋጋውን እንድታዪው ነው። የኢንተርቪው መልስ ቀመር በየቦታው አለ። ሁኔታውን ተናገሪ፣ ድርሻሽን ተናገሪ፣ ያደረግሽውን፣ ከዚያ ውጤቱን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፊትሽ ተቀምጦ «ማን ሠራው?» የሚልሽና ካስፈለገም ሄዶ የሚጠይቅልሽ ሰው ግን ቀመር አይደለም። ብዙ ሺህ ተማሪ የሚያስተናግድ ቢሮ ቢፈልግም ይህን አይችልም። ሁለት ሠራተኛ ብቻ አለን ብለሽ ያማረርሽው ቢሮ ይችላል፤ አብዛኛው ተማሪ በሩን ስለማያንኳኳ ጊዜ አለው። ስንቴ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንደዋልኩ ብነግርሽ አታምኚኝም።

አሁን ደግሞ ጉዱን ላውጣው።

ትንሽ ቦታ ጠባብ ነው። በ1973 ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከቦስተን ጎን ባለች ኒውተን በምትባል ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አጥንቶ አንድ ነገር አሳየ። ሥራቸውን በሰው በኩል ያገኙትን «ከዚያ ሰው ጋር በዚያን ጊዜ ምን ያህል ትገናኙ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ዘወትር እንገናኛለን ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው ያሉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቁ ሰው ነው። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሊንክድኢን የተባለውን የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ የግራኖቬተርን ሐሳብ በጥቂቱ አረመው። በጣም የራቀው ሰውም ያን ያህል አይጠቅምም፤ መካከለኛው ነው የሚበልጠው። የምታውቂው፣ ግን በየቀኑ የማታገኚው።

አሁን ግቢሽን በዚህ ዓይን እዪው። ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ወሬ ነው የሚሰማው። አንድ ክፍት የሥራ ቦታ ከወጣ የክፍሉ ልጆች በሙሉ እኩል ይሰሙታል፣ እኩል ያመለክታሉ። ቅርበቱ ሞልቷል፤ የጎደለው ርቀቱ ነው። የጓደኞችሽ አውደ ርዕይ የሚሰጠው ይህንን ርቀት ነው። በዚህስ ልክ ነሽ፣ ይበልጡሻል።

መፍትሔው ግን እዚያው ቅርበቱ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ መምህር ከግቢ ውጭ የራሱ ሰው አለው፤ አብሮት የተማረ፣ አብሮት የሠራ፣ ድሮ ያስተማረው። ስለዚህ መምህርሽን ሥራ አትለምኚ። ስም ለምኚ። «ሥራ ይፈልጉልኝ» ስትዪ ሰው ይጨነቃል። «በዚህ ሙያ ላይ ላናግረው የሚገባ አንድ ሰው ይጠቁሙኝ» ስትዪ ደስ እያለው ይሰጥሻል። አምስት መምህር፣ አምስት ስም። ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ስምዎን የሰጡኝ አማካሪዬ ናቸው። ሥራ ለመጠየቅ አይደለም የጻፍኩት። ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ላይ ምን እንዳስቸገርዎ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው። 15 ደቂቃ ካለዎት በሚመችዎ ቀን እደውላለሁ።»

ስለ ስድስት ወሩ የሚለውን ጥያቄ አትቀይሪው። ሰው ስለ ስኬቱ ሲጠየቅ ንግግር ያደርጋል፤ ስለ ቸገረው ነገር ሲጠየቅ እውነቱን ያወራል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ «ጊዜዎን እንዳልወስድ» ብለሽ አንቺው ዝጊው። እሱ ራሱ ማውራቱን ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከተመረቁት መካከልም ፈልጊ። የትንሽ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ሲጻፍላቸው ግን ይመልሳሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ 40 ሰው ቢኖር ለአርባ አንደኛው ማንም ልዩ ትኩረት አይሰጥም። ከናንተ ግቢ አንድ ሰው ብቻ ካለ ያ ሰው ስምሽን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ይላል። የነሱን ዝርዝር ከየት እንደምታገኚ ታውቂያለሽ? ከዚያው ሁለት ሰው ካለው ቢሮ።

ሌላው ጉድ ድጋፉ ሲበዛ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪዎች ሲቪያቸውን ይዘው ሲመጡ ቁጭ ብዬ እጽፍላቸው ነበር። አዘንኩላቸው እንጂ ክፉ አስቤ አልነበረም። አንዲት ልጅ ሲቪ ላይ «ባለድርሻ አካላትን በማስተባበር» የሚል ሐረግ ጨመርኩ። ስታነበው ወደደችው። ኢንተርቪው ላይ «ባለድርሻ አካላቱ እነማን ነበሩ?» ብለው ጠየቋት። ምን ትበል? በነጋታው መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «የተጠየቅኩት እኮ የእርስዎን ቃል ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማሪ ሲቪ ሲሠራ ኪቦርድ አልነካም። እጠይቃለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ያምራል አያምርም የነሱው ቃል ይሁን።

መምህራንም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። የሚያውቁሽ ሰዎች ይራሩልሻል። ሥራ ሳታስረክቢ ስትቀሪ «ምን ሆነሽ ነው?» ይሉሻል፤ አንድ ሳምንት ይጨምሩልሻል። ይህ ለተቸገረ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ትምህርት ከማቋረጥ ያዳናቸው ልጆች አውቃለሁ። ግን አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ የኖረ ሰው የሥራ ቦታ ላይ ይደነግጣል። እዚያ ስታረፍጂ ማንም ምን ሆነሽ አይልሽም። ዝም ይሉሻል፤ ቀጣዩን ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የተመረቁ ተማሪዎቼ ደውለው ከሚያማርሩት ነገር ዋናው ይህ ዝምታ ነው። «ጥሩ ልሥራ መጥፎ የሚነግረኝ የለም» ይላሉ። ስለዚህ ከሚወዱሽ መምህራን አንዱን መርጠሽ ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ ይህን የመመረቂያ ፕሮጀክት እንደማያውቁኝ ሆነው ያርሙልኝ፤ ቀኑም አይራዘምልኝ። ይገርማቸዋል። ከዚያ ያደርጉታል። ኋላ ደብዳቤ ሲጽፉልሽ ደግሞ እሱን ያነሱታል።

ቢሮው ጋ ስትሄጂ አንድ ቁጥር ሊነግሩሽ ይችላሉ። «ከምሩቃኖቻችን 95 በመቶው ሥራ ይዘዋል።» ትንሽም ትልቅም ዩኒቨርሲቲ ይህን ቁጥር ይወደዋል። ከምን ተካፍሎ እንደመጣ ጠይቂ። 200 ሰው ተመርቆ መጠይቁን የመለሱት 80 ቢሆኑ፣ ከነሱ 76ቱ ሥራ ቢኖራቸው፣ 95 በመቶ ይወጣል። ስለ 120ዎቹ ግን ማንም ምንም አያውቅም። ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ መጠይቅ መሙላት ያስጠላዋል። ሁለተኛ፣ ሥራ የተባለው ምን እንደሆነ ጠይቂ፤ በሳምንት ሁለት ቀንም ይቆጠራል? ትምህርት የቀጠለውስ? ሦስተኛ፣ መቼ ነው የተጠየቁት? ብሪታንያ ውስጥ ምሩቃን የሚጠየቁት ትምህርት ከጨረሱ ከ15 ወር በኋላ ነው። በምርቃት ማግሥት ከመጠየቅ ይህ በጣም ይሻላል፤ ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ትቶ የሚፈልገውን ለመያዝ ጊዜ ይወስድበታል።

ያም ሆኖ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከመቶኛው የሚሻል ጥያቄ አለ። «ከኔ ትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት የተመረቁት አሁን የት ናቸው?» በይ። 20 ሰው ቢሆኑ ነው። የሚያውቁሽ መምህራን እነሱንም ያውቋቸዋልና በቃላቸው ሊነግሩሽ ይገባል። እየቆጠሩ ከነገሩሽ፣ «እገሊት እዚህ ገባች፣ እገሌ ገና ነው፣ እሷ ተቸግራ አሁን ቀየረች» ካሉሽ፣ ጥሩ ቦታ ነው ያለሽው። «ጥሩ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል» ብለው ካለፉት ግን ድጋፉ ደጁ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ያኔ «ደስ የሚል ነገር ብቻ ነው ወይ?» ያልሽው ጥያቄ ትክክል ነበር።

ሦስተኛ ዓመት መሆንሽ ጥሩ ነው፤ ጊዜ አለሽ። የመጨረሻው ዓመት ላይ ብትጠይቂኝ ኖሮ ብዙ የምለው አይኖረኝም ነበር። በዚህ ሴሚስተር አንድ ሥራ ያዢ፤ ግቢው ውስጥ ማንም የማይፈልገውን፣ የተዝረከረከውን። መጀመሪያ ስትይዢው ምን እንደሚመስል ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ቁጥር ካለው ቁጥሩን። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ 260 የሚለውን ባይጽፈው ኖሮ 190ው ከየት ይመጣ ነበር? ከዚያ ሥራሽን የሚያይ አንድ መምህር ወይም ኃላፊ ይኑር። በወር አንዴ አሳዪያቸው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያልተሳካውንም አሳዪ። ደብዳቤ ስትጠይቂያቸው የሚጽፉት ነገር እንዳያጡ ከአሁኑ እየሰጠሻቸው ነው።

አውደ ርዕዩን በተመለከተ፦ የጓደኞችሽ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ለውጭ ተማሪም ክፍት ሊሆን ይችላል። ደውለሽ ጠይቂ፤ ቢሮሽም ይደውልልሽ። ከገባሽ ጠዋት ግቢ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሲደክማቸው ብሮሹር ብቻ ነው የሚሰጡሽ። እኔም ስቀመጥ እንደዚያ ነበር የማደርገው።